850 ብር የከፈልኩበት የስልክ ሌንስ እና ውኃ ላይ የምትሮጠዋ

ሥራዬ የስልክ ጥገና ነው። የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ምድር ቤት ላይ፣ ሁለት ሰው ከገባ ሦስተኛው ደጅ የሚቆምባት ሱቅ አለችኝ። ቀኑን ሙሉ ቦርድ ላይ አጎንብሼ ነው የምውለው። ዓይኔም እንደ ድሮው አይደለም። ስለዚህ ሌንስ የሚባል ነገር ካየሁ እጄ ወደ ኪሴ ይሄዳል።

ባለፈው ክረምት መገናኛ አካባቢ ካለ አንድ የስልክ ዕቃ መሸጫ ይቺን ሌንስ ገዛሁ። የስልኩ ካሜራ ላይ በመቆንጠጫ የምትያዝ ናት። ሻጩ 1,200 ብር አለኝ። ተከራክሬ፣ ወጥቼ፣ ተጠርቼ፣ በ850 ተስማማን። ካርቶኑ ላይ «15 እጥፍ» ተብሎ ተጽፏል። ሻጩ ግን በካርቶኑ አልተወሰነም። «ወንድሜ፣ በዚህ የጉንዳን ፀጉር ትቆጥራለህ!» አለኝ።

ይቺን ንግግር ያዙልኝ። እመለስባታለሁ።

ካርቶኑ ውስጥ በጥርስ የተጋጠሙ ሁለት ሌንሶች፣ አንድ የፕላስቲክ መቆንጠጫ፣ ትንሽ ከረጢትና መጥረጊያ ጨርቅ አሉ። መመሪያ የለውም። ከላይ ያለው ሌንስ ሰፊ ቦታ ያሳያል የተባለው ነው። በእሱ ያነሳሁት ፎቶ አራቱም ጥግ ጨለመ፤ ዳር የቆመው ጎረቤቴ ደግሞ እንደ ማስቲካ ተለጠጠ። ፈትታችሁ መሳቢያ ውስጥ ጣሉት። ዋናዋ ከሥሩ ያለችው ትንሿ ናት።

ትንሿ ጎበዝ ናት። ቦርድ ላይ ስሞክራት በዓይኔ ነጥብ የምትመስለኝ ካፓሲተር እንደ ጡብ ቁጭ አለች። አይሲው (ቺፑ) ላይ ያለው ቁጥር ይነበባል። ሊዱ፣ ማለትም ዕቃዎቹን ቦርዱ ላይ የሚያያይዘው የሚቀልጥ ብረት፣ የተሰነጠቀበት ቦታ ይታያል። ችግሩ ርቀቱ ነው። ጥርት አድርጋ የምታሳየው ከዕቃው ሁለት ሣንቲ ሜትር እንኳ ሳትርቅ ነው። ይሄ የፋብሪካው ጥፋት አይደለም፣ ሒሳቡ ነው። የማጉያ ሌንስ እጥፍ የሚሰላው 25 ሣንቲ ሜትርን ለሌንሱ የትኩረት ርቀት በማካፈል ነው። 25ን ለ15 ብታካፍሉ 1.7 ገደማ ይመጣል። ማጉላቱ በጨመረ ቁጥር መጠጋቱም ይጨምራል ማለት ነው። 25 እጥፍ የሚለውን ብትገዙ አንድ ሣንቲ ሜትር ላይ ትደርሳላችሁ። እኔ የፈለግሁት እያየሁ መበየድ ነበር። በዚያች ክፍተት የመበየጃ ካውያ አይገባም።

ልመልሳት ሄድኩ። ሻጩ «የተከፈተ ዕቃ አይመለስም» የሚል ወረቀት ግድግዳው ላይ አሳየኝ። ስገዛ ይሄ ወረቀት አልነበረም። ፕላስተሩ ራሱ ገና አዲስ ነው።

እንዲህ ሆና መሳቢያ ውስጥ ልትቀር ነበር። ያዳነቻት የእህቴ ልጅ ናት። አምስተኛ ክፍል ነች። መስከረም ላይ ትምህርት ሲጀመር መምህሯ «በአካባቢያችሁ ካሉ ነፍሳት አንዱን ተመልክታችሁ ጻፉ» አለቻቸው። የክፍሉ ልጅ ሁሉ ንብና ቢራቢሮ ተሻማ። እሷ ግን ሱቄ ድረስ መጥታ «ጋሼ፣ ያቺ ውኃ ላይ የምትሮጠው ማን ናት?» አለችኝ።

እኛ ልጆች ሆነን የውኃ ሸረሪት ነበር የምንላት። ተሳስተን ነው። ሸረሪት ስምንት እግር ነው ያላት፣ ይቺ ስድስት። ዘመዷ ማን እንደሆነ ብነግራችሁ ደስ አይላችሁም፤ ትኋን ነው። አዎ፣ ያ ፍራሽ ውስጥ የሚገባው። ሁለቱም በሹል አፋቸው ወግተው የሚመጥጡ የአንድ ትልቅ ወገን ልጆች ናቸው። ሳይንሱ የእሷን ቤተሰብ ጌሪዴ ይለዋል። በዓለም ላይ ከ1,700 በላይ ዝርያዎች አሉት። እኔ እዚህ ጽሑፍ ላይ ሯጯ እላታለሁ።

ቅዳሜ ጠዋት ሱቄን ዘግቼ ወጣን። ከኮንዶሚኒየሙ ጀርባ ወደ ለገጣፎ በኩል ትንሽ ሲኬድ ጅረት አለ። «ለገ» በኦሮምኛ ወንዝ ማለት ነው። ለገጣፎ፣ ለገዳዲ፤ በዚህ በኩል ስሙ ሁሉ ውኃ ውኃ ይላል። ክረምቱ ገና መውጣቱ ነው። አደይ አበባው ዳገቱን ቢጫ አልብሶታል። ጅረቱ በድንጋይ መካከል ይወርድና ከትልልቆቹ ድንጋዮች ጀርባ ተኝቶ ትንንሽ ኩሬ ይሠራል። ሯጮቹ ያሉት እዚያ ነው። የያዝነው ስልኬን፣ ሌንሷን፣ የሻይ ማጥለያ፣ አንድ ነጭ ሳህን፣ የእሷን የትምህርት ቤት ቦርሳና አራት ፓስቲ ነበር። ፓስቲው ኩሬው ጋ ሳንደርስ አለቀ።

አሁን ፈተናው። ሌንሷን ስልኩ ላይ ቆነጠጥኩ፣ በሆዴ ድንጋይ ላይ ተኛሁ፣ እጄን ዘረጋሁ። ሯጯ ሃያ ሣንቲ ሜትር ስቀርባት ሄደች። ሌላዋን ሞከርኩ፣ ሄደች። አንድ ሰዓት ሙሉ ይሄንን ስሠራ ቆየሁ። ያነሳሁት ሠላሳ ምናምን ፎቶ ነው። ሁሉም የውኃ ፎቶ ነው።

እዚህ ላይ ነው ዕቃው ከሥራው ጋር የማይገጥመው። ሌንሷ ሁለት ሣንቲ ሜትር ካልቀረብክ አላሳይህም ትላለች። ሯጯ ደግሞ ኑሮዋ በሙሉ የሚቀርባትን በማወቅ ላይ የቆመ ነው። ዓይኗ ትልቅ ነው፣ ከጭንቅላቷ ግራና ቀኝ ወጣ ብሎ ይታያል። ከዓይኗ በላይ ግን እግሯ ነው የሚነግራት። እግሮቿ ላይ የውኃውን ንቅናቄ የሚሰሙ ሕዋሳት አሏት። ጉንዳን ውኃ ላይ ወድቃ ስትፍጨረጨር የምታሰማው ትንሽ ሞገድ ለእሷ የምሳ ደወል ነው። እኔ ድንጋዩ ላይ ስገላበጥ የሚፈጠረው ደግሞ «ሽሽ» ነው።

ስለዚህ ሌንሷን አወለቅኋትና ስልኩን ብቻውን ተጠቀምኩ። ምክር ቁጥር አንድ፤ ሌንስ ከመግዛታችሁ በፊት ስልካችሁ ያለውን ስሎው ሞሽን (ቪዲዮን አዝግሞ የሚያሳየውን) ሞክሩ። ነፃ ነው። ከአንድ ሜትር ርቀት ላይ ሆናችሁ፣ ምንም ሳትነኩ፣ ይቺ ፍጥረት የምትሠራውን ታያላችሁ።

ስድስቱ እግሮች ሥራ ተከፋፍለዋል። የፊተኞቹ ሁለቱ አጫጭር ናቸው፣ አገጯ ሥር ታጥፈው ይቀመጣሉ። እነሱ እጆቿ ናቸው፤ የወደቀውን ቀልበው ይይዛሉ። የመሐለኞቹ ረጃጅም ናቸው፤ ሁለቱም እኩል ወደ ኋላ ይቀዝፋሉ። የኋለኞቹ እንደ መሪ ናቸው፤ አቅጣጫ ይጠብቃሉ። አንድ ጊዜ ትቀዝፍና ተንሸራታ ትሄዳለች፣ ቆማ ታስባለች፣ ደግሞ ትቀዝፋለች። ስትሸሽ በሰከንድ ከአንድ ሜትር በላይ ትሄዳለች። የአንድ ጣት አንጓ ለማታህል ፍጥረት ይሄ ጉድ ነው።

ፀሐይ ስትወጣ ደግሞ ሌላ ነገር መጣ። የእህቴ ልጅ ናት ያየችው። «ጋሼ፣ ጥላዋን እየው!» አለች። ኩሬው ጥልቀቱ ከጉልበት አይበልጥም። ከታች አሸዋው ላይ የሯጯ ጥላ አለ፣ ግን የእግር ጥላ አይመስልም። አራት ትልልቅ ጥቁር እንቁላል፣ ዳርቻቸው የሚያበራ። ቀጭን ክር የመሰለ እግር እንዴት ይሄን የሚያህል ጥላ ይጥላል? ጥላው የእግሩ አይደለም። እግሩ ውኃውን ሳይበሳ ወደ ታች ያጎደጉደዋል። ሰው ፍራሽ ላይ ሲቆም እንደሚጎደጉደው። ያቺ ጎድጓዳ ብርሃኑን ወደ ዳር ትበትነዋለች፤ መሐሉ ይጨልማል፣ ዳሩ ያበራል። ይሄንን ለማየት ምንም ሌንስ አያስፈልግም። ፀሐይና ትዕግሥት ብቻ።

ያቺ ጎድጓዳ የመቅዘፊያዋ ምስጢርም ናት። ሊቃውንቱ ለረጅም ጊዜ የሚያስቡት ሯጯ ትንንሽ ሞገድ ወደ ኋላ እየገፋች ነው የምትሄደው ብለው ነበር። ግን አንድ ነገር አልገጠመላቸውም። ውኃ ላይ ሞገድ ለማንሳት አንድ ነገር በሰከንድ ቢያንስ 23 ሣንቲ ሜትር ገደማ መንቀሳቀስ አለበት። ትናንት የተፈለፈለች ጫጩት ሯጭ እግሯን እንዲህ ማፍጠን አትችልም። በሒሳቡ መሠረት አንድ ቦታ ተገትራ መቅረት ነበረባት። እሷ ግን ሒሳቡን አላነበበችምና ትሮጣለች። እ.ኤ.አ. በ2003 በአሜሪካው ኤም.አይ.ቲ. ዩኒቨርሲቲ ዴቪድ ሁ፣ ብራያን ቻን እና ጆን ቡሽ ውኃውን ቀለም ጨምረውበት ቀረጿት። ከላይ ካለው ሞገድ ይልቅ ከውኃው በታች ወደ ኋላ የሚሽከረከሩ ትንንሽ አዙሪቶች አዩ። እሷን ወደ ፊት የሚገፋት ዋናው እሱ ነው። ጣና ላይ ታንኳ የቀዘፈ ሰው ይሄ ይገባዋል፤ መቅዘፊያው ባለፈበት ውኃው ይሽከረከራል አይደል? ሰዎቹ እዚያ አላቆሙም። ከቀጭን አሉሚኒየም፣ ከብረት ሽቦና ከላስቲክ ክር ውኃ ላይ የምትሄድ ማሽን ሠሩ። እንዲህ ያለ ጥገና ቤት ቢቀጥሩኝ ያለ ደመወዝ እገባ ነበር።

ወደ ግምገማዬ ልመለስ። እየቀረጽኩ ሳለ ስልኬ ውኃው ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጧል፣ አንድ ጫፉ እርጥብ ነው። እህቴ ደወለች። ድምፁን ዘግቼው ስለነበር ስልኩ ተንቀጠቀጠ። ከድንጋዩ ሥር ቀጫጭን ክቦች ወጡ። ሩቅ ያሉት ሯጮች ተበተኑ። አንዷ ግን ዞራ ሁለት ጊዜ ቀዝፋ ወደ ስልኩ መጣች። ምናልባት የሚንፈራገጥ ዝንብ መስሏት ይሆናል። እህቴን አላነሳሁላትም። ይቅር ትበለኝ።

የሚንቀጠቀጠው ዕቃ ምን እንደሆነ እኔ በየቀኑ እፈታዋለሁ። በድሮዎቹ ስልኮች ሚዛኑ ያጋደለ ትንሽ ሞተር ነው። በአዲሶቹ ግን ማግኔትና የሽቦ ጥቅልል ነው። ኤሌክትሪኩ ሲቀያየር ማግኔቱ ወዲህ ወዲያ ይላል። ታዲያ በኋላ ማታ ስልኬ ላይ ሳነብ ስቲምሰን ዊልኮክስ የሚባል አሜሪካዊ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1979 ያወጣው ሥራ ላይ ደረስኩና ብቻዬን ሳቅሁ። ሰውየው ይሄንኑ ዕቃ ሯጭ ላይ ገጥሞታል!

ነገሩ እንዲህ ነው። ሯጮች በውኃው ንቅናቄ ያወራሉ። እሱ ባጠናው ዝርያ ወንዱ ሌላ ሯጭ ሲቀርበው በሰከንድ ከ80 እስከ 90 ጊዜ ውኃውን ያንቀጠቅጣል። «እኔ ወንድ ነኝ፣ እለፍ» እንደማለት ነው። ሴቷ ይሄንን አታደርግም። ዊልኮክስ የወንዶቹን ዓይን ሸፈነ። ከዚያ ሴቶቹ እግር ላይ ትንሽ ማግኔት ለጠፈ፣ በሽቦ ጥቅልል አማካኝነት ሴቷ ሳታስበው የወንድ ምልክት እንድታሰማ አደረጋት። ዓይኑ የተሸፈነው ወንድ ምልክቱን ሲሰማ ወንድ መስላው ተዋት። ምልክቱ ሲጠፋ ሊይዛት ሞከረ። ወንድና ሴትን የሚለየው በሚያየው አልነበረም፣ እግሩ በሚሰማው ነው። ማግኔትና ጥቅልል ማለት ስፒከር ነው። ሰውየው ሯጯ እግር ላይ ስፒከር ገጠመ ማለት ነው።

ሌላም አንብቤ ነበር። ይሄኛውን ለእህቴ ልጅ አልነገርኳትም። እ.ኤ.አ. በ2010 ኮሪያ ውስጥ ሃን እና ያብሎንስኪ የተባሉ ተመራማሪዎች ያጠኑት አንድ ዝርያ አለ። ወንዱ ሴቷ ላይ ይወጣና እሺ ካላለችው ውኃውን በእግሩ ይደበድባል። ድብደባው ከሥር የሚኖር አዳኝ ነፍሳት ይጠራል። አዳኙ ሲመጣ የሚያገኘው ከታች ያለችውን እሷን ነው። ስለዚህ ቶሎ እሺ ብላ ታስቆመዋለች። ሰፈር ውስጥ እንዲህ የሚያስፈራራ ጎረምሳ አላየሁም ማለት አልችልም።

ከረፋዱ በኋላ ሌንሷን ወደ ሥራ የምንመልስበት ዘዴ አገኘን። መቅረብ ካልተቻለ እሷን ማምጣት ነው። ማጥለያውን ቀስ ብለን ከሥሯ አስገብተን አንዷን አወጣን። ነጩ ሳህን ውስጥ የጅረቱን ውኃ ቀድተን ለቀቅናት።

ሰጠመች።

እንዳለ ነው የምነግራችሁ። እግሮቿ አንድ በአንድ ውኃውን በሱት፣ ሆዷ ረጠበ፣ በግማሽ ጎኗ ገባች። ልጅቷ «ጋሼ፣ ሰጠመች! አውጣት!» ብላ ጮኸች። በሣር ጫፍ አንስቼ ደረቅ ድንጋይ ላይ አስቀመጥኳት። ጥፋቱ የእኔ ነው። ሳህኑን ጠዋት በፈሳሽ ሳሙና አጥቤ በደንብ አላለቀለቅሁትም። ጣቴን ሳስኬደው ያዳልጣል።

ሊድ ለሚያቀልጥ ሰው ይሄ እንግዳ ነገር አይደለም። የቀለጠ ሊድ ያልጸዳ ፓድ (ቦርዱ ላይ ሊድ የሚያርፍበት ብረት) ላይ ብታስቀምጡት ድብልብል ብሎ ይቆማል፣ አይጋባም። ፍለክስ የሚባለውን ማጽጃ ቅባት ስትቀቡት ወዲያው ይተኛል፣ ይይዛል። ውኃም እንዲሁ የራሱ ቆዳ አለው። የላይኛው ጠብታ ከአየሩ ይልቅ እርስ በእርሱ ስለሚሳሳብ የተወጠረ ሽፋን ይሆናል። ሯጯ የምትቆመው እሱ ላይ ነው። ልዩነቱ ምንድን ነው፣ ፍለክስ የሚያጸዳው ፓዱን ነው፣ ሳሙና ግን የሚያደክመው ራሱን ቆዳውን ነው። ውጥረቱን ከግማሽ በታች ያወርደዋል። እግሯ ጤነኛ ቢሆንም ወለሉ ከሥሯ ላላ።

ከእኛ በታች ሴቶች ልብስ ያጥቡ ነበር። እዚያኛው ኩሬ ላይ አረፋው ተንሳፍፏል፣ አንድም ሯጭ አላየንም። አንዷ እናት ቀና ብላ «ወንድሜ፣ ምን ጠፍቶባችሁ ነው?» አለችኝ። «እናቴ፣ ነፍሳት እያየን ነው» አልኳት። ጓደኛዋን አየች። ምንም ባትለኝም ገብቶኛል፤ ትልቅ ሰው ቅዳሜን እንዲህ ያሳልፋል? ይሄን ስል ግን ሯጭ ያለበት ውኃ ንጹሕ ነው እንዳትሉ። የምትተነፍሰው የላይኛውን አየር ነው። ከታች ያለው ቢበላሽ እንደ ዓሣ ወዲያው አይሰማትም። ውኃ ለመጠጣት እሷን ምስክር አትጥሩ።

ሳህኑን አምስት ጊዜ በጅረቱ ውኃ አለቀለቅን። ሌላ ሯጭ ያዝን። ይቺኛዋ ቆመች።

ቀጥሎ ያለው የዚህ ሌንስ ምርጥ ግማሽ ሰዓት ነው። ስልኩን በሁለት ድንጋዮች ላይ እንደ ድልድይ አጋደምነው፣ ሌንሷ ወደ ታች። ሳህኑን ከሥር አደረግን። ርቀቱ ግን አልገጠመም፣ ሁሉም ደብዛዛ ነው። ልጅቷ ቦርሳዋን ከፍታ ደብተር ከሳህኑ ሥር አስገባች። ትንሽ ጠራ። ሁለተኛ ደብተር። ሦስተኛው የሒሳብ ደብተር ሲገባ ምስሉ ጥርት አለ። ከአምስት ሺህ ብር ማቆሚያ በላይ የሠራልን ይሄ ነው። ሰው ስልኩን ስላልያዘው አይንቀጠቀጥም፣ ሯጯም የምትሸሸው ነገር የላትም። ትንሽ ዞረች፣ ከዚያ መሐል ላይ ቆመች።

ልጅቷ አንድ ጉንዳን ውኃው ላይ ጣለች። ሯጯ ዞራ በአንድ ቅዝፊያ ደረሰች። በአጫጭሮቹ እጆች ያዘቻት። ከጭንቅላቷ ሥር ታጥፎ የነበረው ሹል አፍ ወደ ፊት ተዘረጋ። አንዴ ወጋች፣ ቦታ ቀየረች፣ ደግሞ ወጋች። በዚያ አፍ የሚያሟሟ ፈሳሽ ታስገባና የሟሟውን ትመጥጣለች። ጉንዳኗ በሌንሷ ውስጥ ከውጭ ምንም አልሆነችም፣ ውስጧ ብቻ ነው የሚያልቀው። የሯጯ ሆድ ሥር የብር ቀለም ያለው ሽፋን ይታያል፣ እርጥበት የማይነካው። ሁለተኛዋን ሯጭ ስናስገባ ደግሞ ልዩነት አየን። የመጀመሪያዋ ጀርባ ላይ የታጠፈ ክንፍ አለ፣ የሁለተኛዋ ጀርባ ባዶ ነው። ያልበሰለች ስለሆነች ሊሆን ይችላል፤ ሯጭ ከእንቁላል ወጥታ አምስት ጊዜ ቆዳ ሳትቀይር ክንፍ አይኖራትም። ግን በአንድ ዝርያ ውስጥ እንኳ ካደጉት አንዷ ባለ ክንፍ፣ አንዷ ክንፍ አልባ ትሆናለች። ኩሬው የሚደርቅ ከሆነ ክንፍ ያዋጣል፣ በርሮ ሌላ ኩሬ መፈለጊያ ነው። የማይደርቅ ውኃ ላይ ግን ክንፍ ትርፍ ጭነት ነው። የኮንዶሚኒየም ዕጣ ደርሶት ከመሐል ከተማ እዚህ ድረስ ለመጣ ሰው ይሄን ማብራራት አያስፈልግም።

አሁን ወደ ጉንዳኗ ፀጉር። ሻጩ ፀጉር ትቆጥራለህ ብሎኝ የለ? የሯጯ እግር ፀጉራም ነው፤ ውኃ የማይነካት በእሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 ቻይናውያኑ ጋኦ እና ጂያንግ እንዳሳዩት እግሯ በመርፌ መሳይ ፀጉሮች ተሸፍኗል፣ እያንዳንዱ ፀጉር ላይ ደግሞ ከእሱ የረቀቁ ቦዮች አሉ። በመካከላቸው አየር ይታሰራል። ውኃው የሚያርፈው በአየሩ ላይ ነው ማለት ይቻላል። አንዷ እግር ብቻዋን ውኃውን ሳትበሳ የሯጯን ክብደት 15 ጊዜ ተሸክማለች። እንግዲህ ሒሳቡን ሥሩት። የፀጉሯ ውፍረት ቢበዛ ሦስት ማይክሮን (የሚሊ ሜትር አንድ ሺኛ) ነው። በ15 እጥፍ ብናጎላው 45 ማይክሮን ይሆናል። የእኛ ፀጉር 70 ገደማ ነው። ልጅቷ የራሷን አንድ ፀጉር ለብቻው ይዛ ታየዋለች፣ ግን ከእሱ የቀጠነ ሺህ ፀጉር ተጠጋግቶ ሲቆም በዚህ ሌንስና በስልክ ካሜራ መለየት አይቻልም። እኛ ያየነው እግሯ ላይ ቀጭን የብር ብልጭታ ነው። ቻይናውያኑ የተጠቀሙት ኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ነበር። እሱ ደግሞ መገናኛ በ850 ብር አይገኝም።

የተቀሩትን እንከኖች ባጭሩ ልንገራችሁ። መቆንጠጫው ደካማ ነው፣ በሦስት ሳምንት ስፕሪንጉ ላላ። የስልኩ ሽፋን ካልወለቀ በደንብ አይገጥምም። ሦስት ካሜራ ባለው ስልክ ላይ ደግሞ ስልኩ ሳይነግራችሁ ወደ ሌላኛው ካሜራ ይዞራል፣ እናንተ የተበላሸ ዕቃ የገዛችሁ ይመስላችኋል። አንድ እጥፍ ላይ አድርጉት፣ አውቶማቲክ ማክሮ የሚለውን አጥፉት። ሌንሱ መሐል ላይ ብቻ ነው ጥርት የሚለው፣ ዳሩ ጭጋግ ነው። በተጨማሪም እኔ ስመለስ አጎንብሼ ውኃ ውስጥ ጣልኳት። ፈታኋት፣ ቦርድ በምጠርግበት አልኮል አጸዳኋት፣ ደረቀች። ሩዝ ውስጥ አልከተትኳትም። ስልካችሁም ቢወድቅ ሩዝ ውስጥ አትክተቱ። ይሄን ለደንበኞቼ ስነግር አሥራ አንድ ዓመቴ ነው፤ አሁንም ሩዝ ከቻርጀር ቀዳዳ በመርፌ እያወጣሁ ነው።

ያቺ የሰጠመችውስ? ድንጋዩ ላይ ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይታ እግሮቿን እርስ በእርስ ስታሻሽ አየናት። ሳህኑን ስናፈስ ዞር ብንል ቦታው ላይ የለችም።

ነጥብ ስጥ ካላችሁኝ ከአምስት ሦስት። ለጥገና ሥራ አንድ፣ ለልጆች አራት። በ1,200 አትግዟት፣ 850ም ብዙ ነው። ሱቁ ውስጥ ሳላችሁ የ200 ብር ኖት አውጡና ቀጫጭኖቹን መስመሮች እዩበት። መሐሉ ላይ መስመር ከመስመር ካልለየ መልሱለት። ከወጣችሁ በኋላ ወረቀቱ ግድግዳው ላይ ይለጠፋል።

ልጅቷ ከአሥር ዘጠኝ አገኘች። አንዱ የተቀነሰው «ፎቶው ዳር ዳሩ ደብዝዟል» ተብሎ ነው። ሌንሷ አሁን የእሷ ቦርሳ ውስጥ ናት፣ ከሒሳብ ደብተሩ ጋር። እኔ ለቦርዴ ሌላ እየፈለግሁ ነው። አሥር ሣንቲ ሜትር ርቆ ጥርት አድርጎ የሚያሳይ ያያችሁ ካላችሁ ሱቁንና ዋጋውን ጻፉልኝ።